ተነሥቶ የሚወርድ ጭነት፦ ፎርክሊፍት ማን ይፈትሽልን?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ነኝ። 3 ቶን የሚያነሳው የናፍጣ ፎርክሊፍታችን ጭነት ይዞ ሲቆም ቀስ በቀስ ይወርዳል። አንድ መካኒክ ቆሞ አይቶ «ፓምፑ ይቀየር» አለን፤ ሌላው ደግሞ ጭነቱን በሚሸከመው ሹካ ላይ ስንጥቅ አግኝቶ «ይበየዳል» ይላል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ማሽኑን ዛሬውኑ ከሥራ ያቁሙት። ሹካ በሙቀት ተገርቶ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ተራ ብየዳ ጥንካሬውን ያበላሸዋል፤ የተሰነጠቀ ሹካ የሚቀየረው ከነጓደኛው ነው። «ይበየዳል» ያለዎትን ሰው በዚህ ብቻ ሊያሰናብቱት ይችላሉ።

የፓምፑ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ፓምፕ ጭነት ያነሳል እንጂ ተነሥቶ የቆመውን ይዞ አያቆይም፤ በመሆኑም ሞተሩ ጠፍቶም ጭነቱ የሚወርድ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የማንሻው ሲሊንደር ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ) እና የመቆጣጠሪያው ቫልቭ ናቸው። ሹካው ከተቀየረ በኋላ፣ ማሽኑ እንዲያነሳ የተፈቀደለትን ሙሉ ጭነት አስነሥተው፣ ሞተሩን አስጠፍተው፣ ማንም ሰው አጠገቡ ሳይደርስ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ ያስለኩ። በዓለም አቀፍ መስፈርት የሚፈቀደው እስከ 10 ሴንቲሜትር ነው። ፍተሻው ግን ማሽኑ ሠርቶ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ መሆን አለበት፤ በደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ንጋት ብርድ የወፈረ ዘይት በተበላው ጎሚኒ በኩል በቀላሉ ስለማያልፍ፣ ጠዋት ደህና የመሰለው ማሽን ከሰዓት በኋላ ጉዱ ይወጣል። ይህን ሳይጠየቅ የሚነግርዎት መካኒክ ሥራውን ያውቃል።

ሌላው ምልክት መለኪያ ይዞ መምጣቱ ነው። የሹካው ክርን፣ ማለትም የሚታጠፍበት ቦታ፣ ውፍረቱ 40 ሚሊሜትር የነበረው ተበልቶ 36 ከደረሰ፣ የመሸከም አቅሙ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ ከአገልግሎት ይወጣል፤ የማንሻ ሰንሰለቱም 300 ሚሊሜትር የነበረ ክፍል ተስቦ 309 ከሆነ ይቀየራል። ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ክላክሱንና የሾፌሩን ቀበቶ መፈተሽ ለማንም ግልጽ ነው። የዘይት ቱቦ ቀዳዳ በእጁ እየዳሰሰ የሚፈልገውን ግን ያስቁሙት፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል።

ፈታሽ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል አስመጥቶ ማስፈተሽ ወጪ አለው፤ ቢሆንም ፈታሹና ጠጋኙ የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ እመርጣለሁ፣ ያለዚያ ፍተሻው ወደ መለዋወጫ ሽያጭ ያጋድላል። በዓመት አንድ ጊዜ ዝቅተኛው ነው፤ በፈረቃ የሚሠራ ማሽን ከዚያ ባጠረ ጊዜ ይታይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ስለሆነ፣ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የተለኩት ቁጥሮች፣ ቀንና ፊርማ ያሉበት ጽሑፍ ይቀበሉ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ያስመልሱ፤ ቀሪውን ክፍያ የሚፈጽሙት የ10 ደቂቃው ፍተሻ በሞቀ ዘይት ተደግሞ ውጤቱ በወረቀት ሲሰፍር ነው።