ወንድምና ጎረቤት

ጥያቄ፦ እናቴን በሕመሟ ጊዜ ሁሉ ያስታመመቻት አብሮ አደግ ጎረቤቴ ናት። እናቴም በግቢያችን ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ልታወርሳት ትፈልጋለች። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ግን «ከሥጋ ዘመድ ባዳ አስበለጣችሁ» ብሎ አኩርፏል። ምን ይሻለኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ እኅታችን፣ በወሎ ቅሬ (እድር) የሚቆመው በዘር ሐረግ ሳይሆን በጉርብትና በመሆኑ፣ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል፤ እንዲህ ያለችን ጎረቤት «ባዳ» ማለት ለአገሩ ሰው ጆሮ ይከብዳል። ሕጉ ግን በዚህ ዓይን አያይም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት በቅድሚያ የሚወርሱት ልጆቹ ሲሆኑ፣ ያስታመመ ወዳጅ የቱንም ያህል ቢቀርብ ከወራሾች አይቆጠርም። ስለዚህ እናትዎ ኑዛዜያቸውን አስጽፈው፣ በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦላቸው፣ ከምስክሮቹ ጋር ይፈርሙበት።

ወንድምዎን ያስቆጣው ከቤቱ ይልቅ የሕመሙን ወሬ ዘግይቶ መስማቱ ሊሆን ይችላል (መቼ እንደተነገረው አልጻፉልንም)። የኑዛዜውን ነገር ግን ከመጻፉ በፊት እናትዎ ራሳቸው ይንገሩት እንጂ እርስዎም ሆኑ ጎረቤትዎ አትንገሩት።