«ምን ልስጠው?» ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ከአንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት፣ በእጅና በስፖርት ከሚያክም የሙያ ልጄ፣ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልሞላውም። «ጋሼ» አለኝ፣ «አንድ የ12 ዓመት ልጅ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ መጣ። ጉልበቱን ብፈትሽ ብፈትሽ ምንም አላገኘሁም። ምን ልስጠው?»

መልሱን ከ30 ዓመት በላይ ይዤው ኖሬያለሁ። ግን ዝም አልኩ። «ምን ልስጠው» ያኔ የእኔም ጥያቄ ነበር። «ነገ ጠዋት ልጁን አስጠራው። አስተኝተህ ዳሌውን እየው፣ ማታ ደውልልኝ» ብዬው ተለያየን። ለእሱ ያላወራሁትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ጊዜው 1985 ዓ.ም. ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ በነበረ አንድ ትንሽ ክሊኒክ እሠራ ነበር። ቤቱ ዛሬ የለም፤ በ2016 አካባቢው ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። የእኔ ክፍል ፎቅ ላይ ነበረች፣ በእንጨት ደረጃ የሚወጣባት። ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ደረጃ አስወጥቶ ማከም ልክ አለመሆኑን ያኔ ማናችንም አላሰብነውም።

ልጁ 13 ዓመቱ ነው። እናቱ እንጀራ እየሸጡ ነው የሚያሳድጉት። ለዕድሜው ወፈር ያለ፣ ዓይናፋር። ግራ ጉልበቱን ያመዋል፣ ኳስ ሲጫወት ይብስበታል። የት ጋ እንደሚያመው ስጠይቀው ከጉልበቱ ሎሚ በላይ፣ በጭኑ የውስጥ በኩል፣ በመዳፉ እያሻሸ አሳየኝ። በመዳፉ። ሕመሙ እዚያው ጉልበቱ ላይ የሆነ ልጅ ብዙ ጊዜ በአንድ ጣቱ ነው ቦታውን የሚነካልህ። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ።

ጉልበቱን በደንብ አየሁት። እብጠት የለም። ሙቀት የለም። ሎሚው እንደልቡ ይንሸራተታል። ወደፊት ሳብኩት፣ ወደኋላ ገፋሁት፣ ግራና ቀኝ ሞከርኩት፤ ጅማቶቹ ጥብቅ ናቸው። ምን ልስጠው? የጭንህ ጡንቻ ደክሟል አልኩና ስፖርት ሰጠሁት። በጀርባህ ተኛ፣ ጉልበትህን ቀጥ አድርግ፣ ቁርጭምጭሚትህ ላይ የአሸዋ ከረጢት እሰር፣ እግርህን አንሳና አሥር ቁጠር። በየቀኑ። ልጁም ታዛዥ ስለነበር አንድ ቀን አላጓደለም።

እናቱ አንድ ቀን «ዶክተር፣ ልጄ እኮ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ ነው የሚሄደው። ድሮ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። ልጁን «እግርህን አቅንተህ ተራመድ» አልኩት። መልሴ ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጫማውን ሊያስር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀኙን ሲያስር ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ወደ ደረቱ መጣ። ግራውን ሲያጥፍ ግን ጭኑ ወደ ውጭ ዞሮ ወደ ብብቱ ሄደ፣ የጫማውን ክር የያዘው በጎን በኩል ነው። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ልማድ መስሎኝ አለፍኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ ዝናብ ዘንቦ ሰፈሩ ውስጥ አንሸራተተው። ቀላል ውድቀት ነበር። መነሳት ግን አቃተው። ጎረቤት አዝሎት ታክሲ ውስጥ ገባ፣ ሆስፒታል ደረሰ። እዚያ ያገኘው ሐኪም ጉልበቱን ትቶ የዳሌውን ራጅ አዘዘ።

ራጁን እናቱ አመጡልኝ። መስኮት ላይ አንስቼ አየሁት። የጭን አጥንት ጫፉ ላይ እንደ ሉል የከበበ ራስ አለው፤ ራሱ ዳሌ ላይ ባለው ጎድጓዳ ቤቱ ይገባል። በሚያድግ ልጅ ይህን ራስ ከአንገቱ ጋር የሚያያይዘው አጥንቱ የሚያድግበት ልም አጥንት ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ፣ በተለይ ወፈር ያለ ከሆነ፣ በጉርምስና አካባቢ ያ ቦታ ይላላል። ራሱ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፣ አንገቱ ይንሸራተታል። ክዳኑ ወደ ጎን የሄደ ሞሰብ ነው የሚመስለው። ሲጀምር ቀስ እያለ ነው። ያኔ ቢደረስበት ልጁ እግሩን እንዳይረግጥ ተደርጎ ራሱና አንገቱ በብሎን ይያያዛሉ፣ ባለበት ይቆማል። የእኔ የአሸዋ ከረጢት ደግሞ ያንኑ የላላ ቦታ በየቀኑ ሲጎትት ከረመ።

ብሎኑ ገባለት። ግን ሲወድቅ ለጭን አጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች ተጎድተው ነበርና አጥንቱ ደም አጥቶ እየሞተ ተደረመሰ። ግራ እግሩ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አጠረ።

ከሆስፒታል ሲወጣ እናቱ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይዘው ያንን ደረጃ ወጡ። ሊያመሰግኑኝ። «ልጄን እንደ ልጅዎ ነው ያዩልኝ» አሉ። ዳቦውን ተቀበልኩ። ዳሌውን ሳልነካ ሦስት ሳምንት እንዳሳለፍኩ አልነገርኳቸውም። ዳቦው ትኩስ ነበር፣ ክፍሉ በሙሉ ኮባ ኮባ ሸተተ።

ዳሌው ታሞ ለምን ጉልበቱን አመመው? ኦብቱሬተር የሚባል ነርቭ አለ። ከወገብ ተነስቶ ለዳሌ መገጣጠሚያ ቅርንጫፍ ይሰጣል፣ ወርዶ ለጉልበትም ይሰጣል። አንጎል ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ሂልተን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም አንድ ደንብ አስተምሮ ነበር፦ መገጣጠሚያን የሚያገለግል ነርቭ፣ መገጣጠሚያውን የሚያንቀሳቅሱትን ጡንቻዎችና እዚያ ያለውን ቆዳም ያገለግላል። ይህንን ለፈተና ሸምድጄ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ልጁ ፊቴ ቁጭ ብሎ ጭኑን ሲያሻሽ ግን ትዝ አላለኝም።

ስለዚህ ሽምደዳችሁን ተዉት። ቁጥርና ስም ስልካችሁ ላይ አለ። ይልቅ ጫማ ሲያስር እዩ፣ ደረጃ ሲወርድ እዩ፣ ወንበር ሲስብ እዩ። የዘንድሮ ልጆች ከእኛ የተሻለ ታነባላችሁ፣ ይህን ሳልቀና እመሰክራለሁ። እጃችሁ ግን ፈሪ ሆኗል። ኤምአርአይ ካልመጣ ሰው አትነኩም። በሽተኛው በሩን ከፍቶ እስከ ወንበሩ ሲራመድ ስንት ነገር ይነግራችኋል፤ እናንተ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ናችሁ።

አንድ ቁጥር ግን በእንቅልፍ ልባችሁም እወቁ። ዳሌ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ 40 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ልጁን በጀርባው አስተኙት፣ ዳሌውንና ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፉ፣ ቁርጭምጭሚቱን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ውሰዱት። እግሩ ወደ ውጭ ሲሄድ ጭኑ ወደ ውስጥ እየዞረ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይገለበጥበታል። አንዱ ወገን ካልዞረ፣ ወይም ገና ስታጥፉት ጭኑ በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ ከዞረባችሁ፣ ስፖርት አትስጡ። በእግሩም አታስኪዱት፤ ራጅ ይነሳ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። እኔ በሦስት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ደቂቃ አጣሁለት።

መገጣጠሚያዎች እርስ በርስ እንደሚበዳደሩ የገባኝ ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከእናቴ ነው። በሰሙነ ሕማማት ስትሰግድ ከኋላዋ ቆሜ አያት ነበር። ቁርጭምጭሚቷ ይታጠፋል፣ ጉልበቷ ይከተላል፣ ዳሌዋ፣ ከዚያ መዳፏ መሬት ይይዛል። ወደ 70 ዓመቷ ገደማ አንድ ዓመት ላይ አሰጋገዷ ተቀየረ። ወገቧን ነበር የምታጎብጠው። ወገቧን አመማት፣ ወገቧን አሹት፣ ቅቤ ቀቡት። የደረቀው ዳሌዋ ነበር። ወገቧ የዳሌዋን ዕዳ ይከፍል ነበር። ከፋሲካ ማግስት ክፍሌ እንደ እሷ ባሉ እናቶች ይሞላል። ብዙዎቹ ስግደት ልተው ወይ ይሉኛል። አይተዉም፣ እኔም ተዉ አልልም። በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ሲጫንና ሲለቀቅ፣ በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጉልበት ይራባል። ወገቡን ትቶ ዳሌውን ማላላት ነው የማስተምራቸው።

ወጣቱ በማግስቱ ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ ሁለቱም ዳሌ እኩል ይዞራል፣ ምንም አላመመውም» አለኝ። ለማንኛውም ራጅ ይነሳ አልኩት። አብዝቼው ይሆናል። አላፈርኩበትም።

ያንን ልጅ ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ቸርችል ጎዳና፣ ፖስታ ቤቱ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ። ጎልማሳ ሆኗል። የግራ ጫማው ሶል ወፍራም ነው፣ ጫማ ሰፊ የጨመረበት። እኔ አላወቅኩትም፣ እሱ አወቀኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ እስክታርፍ ድረስ ስምዎን ታነሳ ነበር» አለኝ። ሁለት እጄን ይዞ። «ያሠሩኝን ስፖርት እኮ አሁንም ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ። አሥር እየቆጠርኩ።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «በርታ» አልኩት።

የሜክሲኮ ታክሲ መጣ። ቀኙን አስቀድሞ ወጣ፣ ግራውን ከጉልበቱ በታች በእጁ ደግፎ አስገባ፣ በመስኮቱ እጁን አውለበለበልኝ።