«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ስለተባለችው ሚስትህ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? 38 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ 34። ከተጋባን 9 ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ ደግ ናት፣ ተጫዋች ናት፣ በሥራዋም የተመሰገነች ናት። ቤት ውስጥ ግን ተቸግሬአለሁ። ቡና እየቆላች ትጠፋለች፤ ስትመለስ ቡናው ከሰል ሆኖ ይጠብቃታል። መታወቂያዋን በ2 ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ አስወጥታለች። የመብራት ካርድ መሙላት ረስታ በጨለማ አድረን እናውቃለን። ባለፈው ወር ትንሹን ልጃችንን ከትምህርት ቤት የማምጣት ተራው የሷ ነበር፤ 11 ሰዓት ላይ ጥበቃው ደወለልኝ። ስናገራት ታለቅሳለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ በሳምንቱ ያው ነው። የሚገርመው ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር ሁሉን የምታስተባብረው እሷ ናት፤ አንድ ነገር አይጎድልም። እናቴ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ትላታለች። እኔም ንቃኝ ነው ወደ ማለት ደርሻለሁ። በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ኤዲኤችዲ ይሆናል» አለችኝ። እኔ የማውቀው የሚቅበጠበጡ ወንድ ልጆች ችግር መሆኑን ነው። ትልቅ ሰው፣ ያውም ሴት፣ እንዲህ ትሆናለች? ወይስ ሰበብ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ የተመለስኩት ስለ ለቅሶውና ስለ ሠርጉ የጻፍከው ላይ ነው። አንተ የንቀት ማስረጃ አድርገህ ያቀረብከው እሱን ነው። እኔ ደግሞ ሚስትህ ትመርመር የምልህ በዋናነት እሱን አይቼ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ትልቅ ሰው ላይ አለ። ሴት ላይም አለ። ሚስትህ አለባት ወይ የሚለውን ግን በደብዳቤ የሚነግርህ ሰው ካለ አትመነው። እኔም አልነግርህም።

ኤዲኤችዲ በአማርኛ ብዙ ጊዜ «የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር» ይባላል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። እነዚህ ሰዎች ትኩረት አላቸው። የሚቸግራቸው ትኩረታቸውን በፈለጉት ሰዓት፣ በፈለጉት ነገር ላይ ማዘዝ ነው። አስቸኳይ የሆነ፣ አዲስ የሆነ፣ የሚወዱት ነገር ሲመጣ አእምሯቸው ነቅቶ ይነሳል። ለቅሶ ቤት አስቸኳይ ነው። ሰው ዙሪያዋን አለ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው፣ ሁሉም በዓይን ይታያል፤ የጎደለ ነገር ካለ ሰው መጥቶ ይጠራታል። የቤት ሥራ ግን ማንንም አይጠራም። የመብራት ቆጣሪው ዝም ብሎ ይቀንሳል። ሽሮው ለብቻው ይንተከተካል። ያ ተረት የሚላት ሌላ፣ እየሆነባት ያለው ምናልባት ሌላ ነው።

እስቲ የቡናውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ምጣዱን ጥዳ እየቆላች ስኳር ማለቁ ትዝ ይላታል። «አሁኑኑ መጣሁ» ብላ እሳቱን ቀንሳ ትወጣለች። ደጅ ስትደርስ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ታያለች፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ልብሱን መሰብሰብ ትጀምራለች። ከልብሱ መሃል የልጇ ዩኒፎርም ቁልፍ ወልቆ ታያለች። መርፌና ክር ፍለጋ መኝታ ቤት ትገባለች። እዚያ ስልኳ ይጮሃል። ይሄኔ ሽታው ይመጣል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው፤ ሁሉንም የምታደርገው ለቤቷ ነው። የጠፋው ምጣዱን በልቧ ይዞ የሚቆየው ነገር ነው። ሌሎቻችን ሌላ ነገር እየሠራን ከኋላ «ምድጃው! ምድጃው!» የሚለን ድምፅ አለ። እሷ ጋ ያ ድምፅ ቶሎ ይጠፋ ይሆናል።

«የወንድ ልጆች ችግር» ማለትህ አይገርመኝም። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያስቡት። በ1902 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ለንደን ውስጥ ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ንግግር ሲያደርግ የጠቀሳቸው አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ከዚያ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ትኩረቱ ሁሉ መቅበጥበጡ ላይ ነበር። ሳይቅበጠበጡ ትኩረት ብቻ መቸገር እንዳለ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በግልጽ የጻፈው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ያው መመሪያ ምልክቱ ከ7 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት አለበት ይል ነበር፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ 12 ዓመት ከፍ አደረገው። ለሴቶች ይህ ለውጥ ትልቅ ነገር ነው። ጎበዝና ጨዋ የሆነች ልጅ ትምህርቱ ቀላል እስከሆነ ድረስ በብልጠቷ ትሸፍነዋለች። ችግሯ የሚወጣው ሸክሙ ሲበዛ ነው።

አንድ ክፍል አስብ፤ 60 ልጅ የታጨቀበት። ወንዱ ዴስክ ላይ ይዘላል፤ አስተማሪው ወላጅ ያስጠራል። ሴቷ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። ማንንም አትረብሽም። ስለሷ «ዝምተኛ ናት፣ ብትጥር ትችላለች» ይባልና ያበቃል። ሕፃናት ላይ በሐኪም ተለይተው የሚመጡት ወንዶች በጣም ይበዛሉ፤ አዋቂዎች ላይ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ሴቶቹ ድሮም ነበሩ። ማንም አላያቸውም።

ሴት ልጅ ስታድግ ደግሞ የመደበቅ ሥራው አብሮ ያድጋል። አንድ ጊዜ «ጭንቀት አለብኝ» ብላ የመጣች ሴት አስታውሳለሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ለቀጠሮዋ 1 ሰዓት ቀድማ መጥታ ነበር። ማርፈድ ስለምትፈራ የትም ቦታ 1 ሰዓት ቀድማ ትደርሳለች፤ ካልሆነ ደግሞ 1 ሰዓት ታረፍዳለች፤ መሃሉ የላትም። ግራ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ «ዘይት፣ ክትባት፣ እቁብ» ተብሎ ተጽፏል። እያወራን ስልኳ 3 ጊዜ ጮኸ፤ አንዱ ማስታወሻ «ምድጃ» ይላል። ምድጃው እኮ ጠፍቷል፤ ቤትም ማንም የለም። ግን አንድ ቀን ቤቷ ሊቃጠልባት ስለነበር ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ይጮሃል። ከውጭ ለሚያያት የተረጋጋች፣ የተሰናዳች ሴት ናት። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ያንን መልክ ይዛ ለመዋል የከፈለችው ድካም ይወድቅባታል። ባሏ የሚያየው ይህችን የማታዋን ሴት ብቻ ነበር።

ሚስትህም የምታለቅሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስትናገራት የምትሰማው የዛሬውን ቡና ብቻ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ «ዝርክርክ»፣ «ልበ ቢስ»፣ «ስንቴ ይነገርሽ» ስትባል ኖራ ከሆነ ያ ሁሉ አብሮ ይነሳባታል። ትንሽ ወቀሳ ከልክ በላይ መጉዳቱ ራሱን የቻለ የምርመራ መስፈርት ባይሆንም በሥራዬ ደጋግሜ አየዋለሁ።

ሌሎቹን ምልክቶች አንተ ከኔ ይልቅ ታያቸዋለህ። አንድ ገጽ 3 ጊዜ አንብባ ምን እንዳነበበች አታውቅም? ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ትገባለች? ሥራ ጀምራ ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች? «5 ደቂቃ» ያለችው ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ይሆናል? ሰውነቷ ተቀምጦ ሐሳቧ ይሮጣል? ሴቶች ላይ መቅበጥበጡ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እግር ማወዛወዝ፣ ማውራት፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ የሐሳብ ጋጋታ ይሆናል። ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ነገሩ እንደሚብስባቸውም ብዙዎች ይናገራሉ። ከወሊድ በኋላና ማረጥ አካባቢም እንዲሁ።

አሁን ጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ደርሰናል። ሁላችንም እንረሳለን። መጀመሪያ ልትጠይቁት የሚገባው «መቼ ጀመረ?» የሚለው ነው። ከልጅነቷ ያልነበረ፣ ከሁለተኛው ልጅ ወዲህ ወይም ከአንድ ሐዘን ወዲህ የመጣ ከሆነ ወደ ሌላ ማየት አለባችሁ። ድባቴ ሰውን ያዘነጋል። የደም ማነስ ያደክማል፣ ልብን ይበትናል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ በብዛት ያጋጥማል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መዛባትም እንዲሁ ያደርጋል። እንቅልፍ ማጣትና ያለፈ አሰቃቂ ነገርም ትኩረትን ይሰርቃሉ። ስለዚህ የደም ምርመራ ይቅደም፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ነገርም ያጠራል። ከዚያ የሥነ አእምሮ ሐኪም። አማኑኤል ሆስፒታልም፣ የጥቁር አንበሳ የሥነ አእምሮ ክፍልም አሉ፤ የግል ክሊኒክ የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ አዋቂዎችን ለዚህ ጉዳይ የሚመረምር መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 18 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ 6 ጥያቄዎች ጥሩ ጠቋሚ ናቸው። ጠቋሚ ነው ግን፤ ምርመራውን አይተካም። ሐኪሙ ለአዋቂ ሰው ትኩረትን ከሚመለከቱት 9 ምልክቶች ወይም መቅበጥበጥን ከሚመለከቱት 9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱን ይፈልጋል፤ ያውም በቤትም በሥራም ኑሮን የሚያውኩ ሆነው፣ በርካታዎቹም ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ ሆነው።

ችግሩ እንዳለባት ከታወቀ ሕክምና አለው። እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ መድኃኒቶች ብዙ ሰው ይረዳሉ፤ የደም ግፊትና የልብ ሁኔታ ታይቶ፣ እርግዝና ካለ ተነግሮ በሐኪም ይታዘዛሉ። አንድ ነገር አደራ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «እኔም አለብኝ፣ ይኸው ሞክሪ» ብሎ በሻንጣ የሚልከውን ፍሬ አትቀበሉ። ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ በተለይ በአረብ አገሮች በኩል ያለ ሕጋዊ ወረቀት ይዞ ማለፍ ለእስር ይዳርጋል። ጫትም ሕክምና አይደለም። «ስቅም ልቤ ይሰበሰባል» የሚል ሰው አይዋሽም፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ግን እንቅልፉን ይወስድበታል፣ በነጋታው ትኩረቱ ከበፊቱ ይብሳል።

«ሰበብ ነው ወይ?» ብለሃል። ምክንያቱ ቢታወቅም ኃላፊነቱ የሷ እንደሆነ ይቀጥላል። ልጅ ትምህርት ቤት ደጅ እስከ 11 ሰዓት መቆም የለበትም። ይህን ምርመራ ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት አስተካክሉት። ልጅ ማምጣቱን ለጊዜው አንተ ወይም ሌላ የታመነ ሰው ይውሰደው፤ እሷ በምትኩ ጠዋት ማድረሱን ትያዝ። ጠዋት ልጁ ራሱ እጇን ይዞ ስለሚጎትታት አትረሳውም። የመብራት ካርዱ የወር መጀመሪያ ቀን፣ ደመወዝ እንደገባ፣ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ይሞላ። እሳት ላይ ነገር ሲኖር ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ አንገቷ ላይ ይንጠልጠል፤ ወጥ ቤት ውስጥ የቀረ ስልክ አይረዳም። መታወቂያና ቁልፍ በር ላይ አንድ መስቀያ ይኑራቸው። የሚያስጠላት ሥራ ሲኖር፣ ልብስ ማጣጠፍም ይሁን ወረቀት ማስተካከል፣ አጠገቧ ቁጭ በል። ምንም አትሥራ፤ የራስህን ነገር አንብብ። ሰው አጠገባቸው ሲኖር ሥራው የሚያልቅላቸው ብዙዎች ናቸው። የለቅሶ ቤቱን ምሥጢር ቤትህ አስገባህ ማለት ነው።

ተቆጣጣሪዋ ግን አትሁን። «ስልክሽን ይዘሻል? ጋዙን አጥፍተሻል?» እያልክ በየበሩ ከተከተልካት ሚስትህ መሆኗ ይቀርና ልጅህ ትሆናለች። የችግሩን ስምም በጠብ መሃል አታንሳው። «መድኃኒትሽን ሳትውጪ ነው አይደል?» የሚል ቃል አንድ ጊዜ ከወጣ ሁለተኛ ሐኪም ቤት አትሄድልህም።

እናትህን በተመለከተ፣ ተረቱን ሚስትህም ሰምታዋለች ብዬ እገምታለሁ። የሚያስቆመው አንተ ነህ እንጂ እሷ አይደለችም። እናትህን ሳታስቀይም፣ ለብቻቸው፣ «እማዬ፣ ሐኪም ሊያያት ነው፤ እስከዚያ ይህን ቃል ተዪልኝ» በላቸው።

ለሷ እንዴት ልንገራት ካልክ፣ ነገር ከተቃጠለበት ቀን ውጭ ያለ ቀን ምረጥ። ልጆቹ ይተኙ። «ሳትፈልጊ እንደምትረሺ አሁን ገብቶኛል። ንቀሽኝ ይመስለኝ ነበር። አብረን ሐኪም እንጠይቅ» በላት። «አብረን» ያልከውን ያዝ፤ በቀጠሮው ቀን ከሥራ ፈቃድ ውሰድ። ትልቁ ልጅህም እሷን የሚመስል ነገር ካለው ለሐኪሙ ንገሩት፤ ይህ ችግር በቤተሰብ ይወርዳል።

ከዚያ በፊት አማትህ ጋ ሂዱ። ሐኪሙ ስለ ልጅነቷ መጠየቁ አይቀርም፤ የድሮ የትምህርት ቤት ካርዶቿ ካሉ ይዛችሁ ተመለሱ፤ የአስተማሪ አስተያየት የተጻፈበትን በተለይ። አማትህን «ልጅ ሳለች ዝንጉ ነበረች?» ብለህ አትጠይቃቸው፤ እናት ልጇን ትከላከላለች። «ሱቅ ሲልኳት ምን ይዛ ትመለስ ነበር?» በላቸው። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ።