ቢኒያምን ልታዪ ከሆነ ተራራ አትውጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ከሽቱትጋርት ሁለት ወንዶች ልጆቼን ይዤ በጁላይ ቱር ደ ፍራንስን፣ የፈረንሳዩን የብስክሌት ውድድር፣ ላሳያቸው ነው። ቢኒያም ግርማይን ካላየን ብለው ወጥረው ይዘውኛል። የትኛው ተራራ ላይ ብንቆም ይሻላል? ትኬትስ ከየት ይገዛል?» ነው ያልሽው። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች ሁሉ የተራራ ስም ነው የደረደሩልሽ። እኔ የምኖረው ሊዮን ነው። አንቺ አሁን ያሰብሽውን በ2024 አድርጌው በጣም ስለተቃጠልኩ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ትኬት የሚባል ነገር የለም። መንገድ ዳር መቆም በነፃ ነው። ቪአይፒ ፓኬጅ እያሉ በብዙ መቶ ዩሮ የሚሸጡልሽ ሰዎች ፊኒሹ አጠገብ ወንበርና ምሳ ነው የሚሰጡሽ። ልጆች እዚያ ታጉረው ከሚውሉ ገንዘቡን ለሆቴል አድርጊው።

1. ኤርትራዊው ቢኒያም ስፕሪንተር ነው፤ ሜዳ ላይ መጨረሻው መስመር ጋ በፍጥነት ቀድሞ የሚያሸንፍ ማለት ነው። በ2024 ያሸነፋቸውን ሦስቱን ኤታፖች (ኤታፕ የሚሉት የአንድ ቀኑን ጉዞ ነው) አስቢያቸው፦ ቶሪኖ፣ ኮሎምቤ ሌ ዴዜግሊዝ፣ ቪልነቭ ሱር ሎ። አንዱም ትልቅ ተራራ ላይ አላለቀም። ተራራ ላይ የሚፋለሙት ለጠቅላላው አሸናፊነት የሚወዳደሩት እነ ፖጋቻርና ቪንገጎ ናቸው። እነ ቢኒ ከኋላ ተሰባስበው ነው የሚወጡት፤ ያ ስብስብ ግሩፔቶ ይባላል። የዚያን ቀን ሥራቸው ማሸነፍ ሳይሆን በተፈቀደው ሰዓት ውስጥ መግባት ነው። ገደቡ የሚሰላው በአሸናፊው ሰዓት ላይ እንደ ቀኑ ክብደት መቶኛ ተጨምሮ ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈ ሰው በማግስቱ አይነሳም። ስለዚህ ጉልበታቸውን ቆጥበው፣ እርስ በርስ እየተጠባበቁ፣ ከመሪዎቹ ሃያም ሠላሳም ደቂቃ ዘግይተው ያልፋሉ።

ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የዚያን ዓመት ቱሩ የተነሳው ከፍሎረንስ ነበር። ሰኞ ጁላይ 1 ሦስተኛው ኤታፕ ከፒያቼንዛ ቶሪኖ፣ 230 ኪሎ ሜትር። ማክሰኞ ጁላይ 2 አራተኛው፣ ከፒኔሮሎ ተነስቶ የጋሊቢየርን ተራራ አቋርጦ ቫሏር። ሁለቱም ከሊዮን በመኪና ይደረስባቸዋል። አለቃዬ የፈቀደልኝ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ቶሪኖ ያለ ጓደኛዬ «እኔ ጋ ና፣ ሰኞ የቢኒ ቀን ነው» ብሎ ለምኖኝ ነበር። እኔ ደግሞ የጋሊቢየርን ስም ስሰማ ነው የኖርኩት፤ 2,642 ሜትር ከፍታ፣ በበጋም በረዶ የማይጠፋበት። ሜዳ ላይ ምን ይታያል ብዬ ማክሰኞን መረጥኩ።

ሰኞ ከሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ጓደኛዬ በቪዲዮ ደወለ። ፊቱ አይታይም፣ የሚታየው የሚወዛወዝ አስፋልትና የሰው ጫማ ነው። ድምፁ ግን ይሰማል፤ «ቢኒ! ቢኒ! ቢኒ!» የሚል ጩኸት፣ መሀል ላይ ደግሞ የእሱ ለቅሶ። ከ1903 ጀምሮ በሚካሄድ ውድድር አንድ ኤታፕ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፤ ጓደኛዬ ከመስመሩ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ቆሞ፣ እኔ የፕላስቲክ ጓንት አድርጌ ድስት ፊት ቆሜ። ደስታው ደስታ ነው፤ ግን እዚያ መሆን የምችል ሰው እንደነበርኩ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሳን። የሐዋርያት ጾም ስለነበር ቆሎና የሽሮ ፍትፍት በምሳ ዕቃ ይዛለች። መኪናችንን ከተራራው ግርጌ ካሉት መንደሮች በአንዷ አቁመን ወደ አሥር ኪሎ ሜትር በእግር ወጣን፤ ሎታሬ ከሚባለው ቦታ ከፍ ብሎ ጋሊቢየር ዳገት ላይ ቦታ ያዝን። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ከፍ ብሎ በረዶው ይታያል። ጎናችን ከዙሪክ የመጡ ኤርትራውያን ከበሮና ባንዲራ ይዘው ነበር። ቆሎ ተካፈልን፣ ወሬ ተካፈልን። እነሱ የአገራቸው ልጅ ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 ነጠብጣቡን የተራራ ማሊያ (በዳገት ነጥብ የሚመራው የሚለብሰውን) የለበሰበትን ቀን ሲያነሱ፣ እኔ በ2016 ቱርን የጋለበውን የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ፣ የእኛን ጽጋቡ ግርማይን አነሳሁ። እንደዚያ ቀን ከሰው ጋር የተጫወትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዚያ ሄሊኮፕተሩ መጣ፣ ሞተሮቹ መጡ፣ የፖጋቻር ቡድን ልጆች ተሰልፈው እየጎተቱ በፊታችን እልም አሉ። ቀጥሎ ሦስት፣ አምስት፣ አሥር እየሆኑ ሌሎች። ሁሉም መነጽር፣ ሁሉም ሄልሜት፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። እኔ «አለፈ፣ ሳንለየው አለፈ» አልኩ። ቁልቁል የሚሄደው ሰው ሳይበዛ መኪናችን ጋ እንድረስ ብዬ ባለቤቴን አስነሳኋት፤ አስፋልቱን ትተን በሣሩ ላይ አቋራጭ ገባን። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ከኋላችን፣ ከጉብታው ወዲያ፣ ከበሮው ተመታ። ከዚያ «ቢኒ! ቢኒ!»። ዞረን አየን፤ ጉብታው ከልሎናል፣ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ትናንት ታሪክ የሠራው ልጅ ከእኛ በአንድ ጉብታ ርቀት አለፈ።

2. እንግዲህ ተራራ የግድ ካላችሁ፣ መንገዱ ጭር አለ ብለሽ አንድ እርምጃ አትነሺ። ከመጨረሻው ብስክሌተኛ ኋላ አምቡላንስ ይመጣል፣ ጠራጊዋ መኪና ትመጣለች (የደከመውን የምትለቅመው ናት)፣ ከዚያ «ፈን ደ ኩርስ» የሚል የተጻፈበት መኪና ያልፋል፤ የውድድሩ መጨረሻ ማለት ነው። እሱ ሳያልፍ ውድድሩ አላለቀም።

3. መኪና። ያን ማታ እግራችን ዝሎ መንደሯ ስንደርስ መኪናችን የለም። ለካ ያቆምንበት ቦታ ምሰሶ ላይ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ታስሯል፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ማቆም ክልክል ነው ይላል። ሌሊት በባትሪ ስንገባ አላየነውም። ቱሩ በሚያልፍበት አካባቢ ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ከቀናት በፊት ይለጠፋል፤ ቋሚ የትራፊክ ምልክት ስለሌለ ብቻ አትመኚ፣ ምሰሶውን ሁሉ ዞረሽ አንብቢ።

አንዲት ክፍል በውድ ተከራይተን አደርን። ጠዋት መኪና የሚታሰርበት ቢሮ ስንሄድ መስታወት ኋላ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። ቦንዡር አልኩት፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ሁለተኛ ቦንዡር አልኩት፤ «ካርት ግሪዝ» አለኝ፣ እኛ ሊብሬ የምንለውን ማለቱ ነው። ሊብሬው መኪናው ውስጥ ነው አልኩት። ያለ ሊብሬ መኪናው አይሰጥም አለኝ። መኪናው እኮ አጥሩ ውስጥ፣ ከጀርባው ቆሞ ይታየኛል! አንድ ሰው አብሮኝ ይግባና ላውጣው ብለው፣ ደንብ አይፈቅድም አለና ስልኩን አነሳ። ባለቤቴ በደንብ ፈረንሳይኛ ትናገራለች፣ እዚህ አገር ነው የተማረችው። እሷ ስትጠይቀው መልሱን የሚናገረው ለእኔ ነው፣ እሷን እንደሌለች ቆጠራት። ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቱን ዘግቶ ምሳ ወጣ። ደጅ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ከሰዓት አንዲት ወጣት ሠራተኛ ገባች፤ ነገሩን ሰማችን፣ ቁልፉን ተቀብላኝ ሄዳ ሊብሬውን ከዳሽቦርዱ ኪስ አውጥታ አመጣችልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ቅጣትና መጎተቻ ተደምሮ ከ160 ዩሮ በላይ ከፈልኩ፣ ክፍሉ ለብቻ፣ ሳላስፈቅድ የቀረሁበት ረቡዕ ደግሞ ከደመወዜ ተቆረጠ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። ባለቤቴን ያናገራትን አነጋገር ግን አልረሳሁትም።

እና እህቴ፣ እኔ ብሆን ልጆቹን የምወስዳቸው ክሮኖ ነው፤ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት ኤታፕ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ቱሩ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፓሪስ ውጭ አለቀ፤ ፓሪስ ኦሊምፒክ ስለነበረባት ጁላይ 21 ከሞናኮ ኒስ 33.7 ኪሎ ሜትር ክሮኖ ሆነ። ከዚያ በፊት ኒም ላይ፣ አሥራ ስድስተኛው ኤታፕ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ቢኒ ወድቆ ነበር። አረንጓዴው ማሊያ፣ በነጥብ የሚመራው የሚለብሰው፣ ያኔ የቢኒ ነበር፤ ተቀናቃኙ ፊሊፕሰን ያንን ቀን አሸንፎ በነጥብ ተጠጋው። እኔ ያን ሳምንት እንቅልፍ የለኝም። ከልጄ ጋር በባቡር ሄድን፤ መኪና የሚባል ነገር አልነካሁም።

ክሮኖ ላይ አንድ በአንድ ነው የሚነሱት፣ በጠቅላላ ውጤት መጨረሻ ያለው መጀመሪያ። የመነሻ ሰዓቱ ዝርዝር ቀድሞ ይወጣል፤ ቢኒ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚነሳ ታውቂያለሽ። በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ብስክሌተኛ ኋላ የምትከተለው የቡድን መኪና ግንባሯ ላይ ስሙን ለጥፋለች። እኛ ኒስ ውስጥ ፕሮምናድ ዴዛንግሌ የሚባለው ጎዳና ላይ፣ ባሕሩ ዳር አጥሩን ተደግፈን ቆምን። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የመጣችውን መኪና ሁሉ ስም ስታነብ ቆየች። ከዚያ አረንጓዴ ነገር ከሩቅ ታየ። ብቻውን ነው። መንገዱ በሙሉ የእሱ ነው። ድፍኑ የኋላ ጎማ ሲመጣ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቂዋለሽ? እንደ ወፍጮ ነው የሚያጉረመርመው። ልጄ እሱን ትታ የመኪናዋን ግንባር እያየች «ግር-ማይ! ባባ፣ ግርማይ ይላል!» ብላ ጮኸች። ሰውነቱን በደንብ አየሁት፤ ሳይቸኩል፣ ኩርባውን እየተጠነቀቀ፣ ማሊያውን ይዞ ለመግባት ብቻ ነበር የሚጋልበው። ማሴና አደባባይ መድረክ ላይ አረንጓዴውን ማሊያ ለመጨረሻ ጊዜ ሲለብስ ከሰው ትከሻ በላይ ልጄን አንስቼ አሳየኋት።

ክሮኖው ከእረፍታችሁ ጋር ካልገጠመ ሜዳውን ኤታፕ ያዙ፣ ግን ፊኒሹ ላይ አትጨናነቁ። ልጆች ካሉ መነሻው ነው የሚሻለው። የቡድኖቹ አውቶቡሶች ውድድሩ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ገደማ በፊት ይደርሳሉ፤ ብስክሌተኞቹ ከአውቶቡስ ወርደው ወደ ፊርማው መድረክ ሲሄዱ በአጠገብሽ ነው የሚያልፉት። ሁለተኛው ጥሩ ቦታ የመሀል ስፕሪንቱ መስመር ነው፣ በጉዞው መሀል ቀድመው ለመድረስ የሚሽቀዳደሙበት፤ የአረንጓዴ ማሊያ ነጥብ ስላለው ቢኒ እዚያ ላይ በሙሉ ጉልበቱ ይመጣል፣ ሕዝቡ ደግሞ የፊኒሹን ያህል አይበዛም።

ካራቫኑም አያምልጣችሁ። ከብስክሌተኞቹ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድሞ የሚያልፈው የማስታወቂያ መኪና ሰልፍ ነው፤ ኮፍያ፣ ቁልፍ መያዣ፣ የሃሪቦ ከረሜላ ይወረውራሉ። ልጆችሽን ከፊት አቁሚያቸው፣ ግን አስፋልቱ ላይ የወደቀ ነገር ለማንሳት እንዳይገቡ እጃቸውን ያዢ፤ መኪኖቹ አይቆሙም። በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ቋሊማም ይወረውራሉ፤ የአሳማ ናት፣ ልጆቹ ሳያውቁ እንዳይበሉ።

አልፕ ዲውዌዝን ሰው ጠቁሞሻል። ቆንጆ ነው፣ 21 ኩርባ፣ እያንዳንዱ ላይ የአሸናፊ ስም ተጽፏል። ግን ሰባተኛው ኩርባ የሆላንዶች ነው፤ ቢራና ባለ ቀለም ጭስ ነው የሚውለው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ይዞ የሚቆምበት ቦታ አይደለም። መንገዱም ለመኪና ቀድሞ ይዘጋል፣ ካምፐር ያላቸው ከቀናት በፊት ነው ቦታ የሚይዙት።

የመረጥሽውን ቀን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ከሊዮን ቅርብ ከሆነ እኔም ልጄን ይዤ እመጣለሁ፣ ቡናውን እኛ እናፈላለን። በመኪና ከመጣሽ ግን ሊብሬሽን፣ ጀርመኖቹ ፋርትሶይግሻይን የሚሉትን፣ መኪናው ውስጥ እንዳትተዪው፤ የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን።