ስማችሁን በኮድ ወደ ቅርፅ መቀየር፦ የጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጽሑፍን በኮድ ወደ ጂኦሜትሪ ስዕል ስለመቀየር ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል፣ የሚመሳሰሉትን ሰብሰብ አድርጌ እነሆ።

«ኮምፒውተሩ አማርኛ ሳያውቅ እንዴት ከፊደል ቅርፅ ያወጣል?»

እሱ የሚያየው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ) ላይ ሀ 4608 ነው፣ ከዛ በኋላ እያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ ተሰጥቶታል፣ እና ይሄ ለኛ ትልቅ ስጦታ ነው ምክንያቱም ከፊደሉ ቁጥር 4608 ቀንሳችሁ ለ8 ስታካፍሉት ድርሻው የትኛው ረድፍ እንደሆነ ቀሪው ደሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ይሁን ሳልስ ይነግራችኋል። «ሰላም»ን እንየው፦ ሰ 48 ይመጣል፣ ድርሻ 6 ቀሪ 0። ላ 11፣ ድርሻ 1 ቀሪ 3። ም 29፣ ድርሻ 3 ቀሪ 5። እኔ ድርሻው ላይ 3 ጨምሬ የጎን ብዛት አደርገዋለሁ፣ ቀሪውን በ45 ዲግሪ አባዝቼ ቅርፁ በአንድ ክብ ዙሪያ የት ጋ እንደሚቀመጥ እወስንበታለሁ። ስለዚህ ሰ ባለ 9 ጎን ሆኖ 0 ላይ፣ ላ ካሬ ሆኖ 135 ላይ፣ ም ባለ 6 ጎን ሆኖ 225 ላይ ይቀመጣሉ። ቅርፁን እራሱን ግን አታዙሩት፣ ካሬ 90 ዲግሪ ቢዞር ያው ካሬ ነው፣ በለ እና በሊ መሃል ያለው ልዩነት ይጠፋባችኋል። እንደ ጸ ያሉት ደሞ 42 ጎን ስለሚያወጡ ለአይን ክብ ይመስላሉ፣ እነሱን በቀለም ለዩዋቸው።

«ስሜን በሠ ስጽፈው ሌላ ስዕል መጣ፣ ኮዱ ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። ሠ ድርሻው 4 ነው፣ ባለ 7 ጎን ይሆናል። ከፈለግሽ መጀመሪያ ሁሉንም ሠ ወደ ሰ ቀይሪ፣ እኔ ግን ተይው ነው የምልሽ፣ ስምሽን በሠ የጻፉልሽ ሰዎች መርጠው ነውና ስዕሉም ላይ ይታይ።

«የአባቴን ስም ስጨምር ስዕሉ ይጠፋል።»

ክፍተቱ ነው። የክፍተት ኮድ 32 ስለሆነ 4608 ሲቀነስበት ኔጌቲቭ ይወጣል፣ እሱን ዝለለው በለው በቃ።

«ለእጮኛዬ ደብዳቤ በዚህ ልሰራላት አስቤ ነበር፣ ሌላ ሰው መልሶ ሊያነበው ይችላል?»

ከላይ ባለው ህግ፣ ቅደም ተከተሉ ከታወቀ፣ አዎ። እንዳይነበብ ከፈለግክ ጽሑፉን መጀመሪያ በሻ-256 (SHA-256፣ ጽሑፍን ወደ ቋሚ ርዝመት ኮድ የሚቀይር ስሌት) አሳልፈው፣ የፈለገ ቢረዝም 256 ቢት ያወጣል፣ አንድ ፊደል ስትቀይር ሙሉ ለሙሉ ሌላ ነገር ይመጣል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። አጭር ስም ከሆነ ግን ሰው እየሞከረ ሊደርስበት ይችላል። እኔን ብትጠይቀኝ በሚነበበው ላክላት፣ ህጉንም ከጎኑ ጻፍላት፣ ቁጭ ብላ ትፍታው።

«ኮምፒውተር የለኝም።»

ፒ5.ጄኤስ (p5.js) የሚባለው በኮድ መሳያ በስልክ ብራውዘርም ይሰራል፣ ነፃ ነው። እሱም ባይኖር ባለ ካሬ ደብተርና ኮምፓስ ይበቃሻል። ቡዳፔስት ተወልዳ ፓሪስ የኖረችው ሰዓሊ ቬራ ሞልናር በ1968 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተር እስክታገኝ ድረስ ለራሷ ህግ አውጥታ፣ ማሽን እንዳለ እያሰበች፣ ደረጃ በደረጃ በእጇ ነበር የምትሰራው። በስምሽ ጀምሪና ፎቶውን ላኪልኝ።