ሎጂክ ምን ያደርግልናል ለምትሉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ሎጂክን ለፈተና ሸምድዳችሁ ከፈተና ማግስት እንደምትረሱት ስሰማ ይቆጨኛል። ዕድሜዬን በሕክምና የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁ ከተማርኩት ሁሉ በየቀኑ የሠራሁበት ይኸው ሲሎጂዝም፣ ማለትም ከሁለት መነሻዎች አንድ መደምደሚያ የሚያወጣ ክርክር፣ መፈተን ነው።

ይህን ተመልከቱ። «ወባ የያዘው ሁሉ ትኩሳት አለበት። ዛሬ ተራ የያዙት ልጆች ሁሉ ትኩሳት አለባቸው። ስለዚህ ልጆቹን ሁሉ ወባ ይዟቸዋል።» ክረምቱ ወጥቶ ጤና ጣቢያው ሲጨናነቅ ጎበዝ የሚባለው ባለሙያም እንዲህ ያስባል።

እ.ኤ.አ. በ1880 ጆን ቬን ባስተዋወቀው ዘዴ ሦስት የተደራረቡ ክቦች ሣሉ፦ ልጆቹ፣ ወባ የያዛቸው፣ ትኩሳት ያለባቸው። ሁለቱን መነሻዎች ብቻ አስፍሩ፤ መደምደሚያውን አደራ እንዳትነኩት። አንድን ቦታ ማጥቆር «እዚህ ማንም የለም» ማለት ነው። የመጀመሪያው መነሻ ከወባው ክብ ከትኩሳት ውጭ ያለውን ያጠቁራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከልጆቹ ክብ ከትኩሳት ውጭ ያለውን። አሁን እርሳሱን አስቀምጡና እዩ። መደምደሚያው እንዲጸና ከልጆቹ ክብ ከወባ ውጭ ያለው በሙሉ መጥቆር ነበረበት። ትኩሳት እያለባቸው ወባ የሌለባቸው ልጆች ቦታ ግን እንደ ነጣ ቀርቷል። ታይፎይዱም፣ ተስቦውም፣ የሳንባ ምቹም የሚገባው እዚያች ላይ ነው። ሁለቱን መነሻዎች ያገናኛል የተባለው «ትኩሳት ያለባቸው» የሚለው ቃል በአንዱም ላይ ስለ ሁሉም ትኩሳታም አልተነገረም፤ ስለዚህ ማገናኘት አልቻለም።

ወረቀት ከሌላችሁ ቅርጹን ሳትለውጡ ቃላቱን ቀይሩ፦ ላም ሁሉ እንስሳ ነው፤ በግ ሁሉ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ በግ ሁሉ ላም ነው። ይበቃል።

ሲሎጂዝም ሊይዛቸው ከሚችላቸው 256 ቅርጾች በዛሬው አቆጣጠር የሚጸኑት 15 ናቸው፤ የተጠቀሰው ነገር በእርግጥ አለ ብለን ከተነሣን፣ እንደ አርስቶትል፣ 24 ይደርሳሉ። መቁጠሩን ለመምህራችሁ ተዉት፣ መሣሉን ልመዱ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቅርጹ ወደቀ ማለት መደምደሚያው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ልጆቹን በሙሉ ወባ ይዟቸው ሊሆን ይችላል፣ የሚነግረን የደም ምርመራው ነው። ተቃራኒውም አለ። «ወባ የያዘው ሁሉ ትኩሳት አለበት፤ ይህ ሰው ትኩሳት የለበትም፤ ስለዚህ ወባ አልያዘውም» የሚለው ቅርጹ እንከን የለውም። ወባ በሚበዛበት አገር ያደገ ሰው ግን ተውሳኩ በደሙ እያለ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። እዚህ ላይ ክቦቹን ደጋግማችሁ ብትሥሉ ስሕተቱን አታገኙትም፤ ያለው የመጀመሪያው መነሻ ውስጥ፣ «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።