ክሪስታሉ አላድግ ሲላችሁ

ይህን የምጽፈው ስኳር ፋብሪካ ገብታችሁ ፓን ላይ፣ ማለትም ሽሮፑ በቫኩም (አየሩ ተስቦ) እየፈላ ክሪስታል በሚሆንበት ትልቅ ድስት ላይ፣ ለተመደባችሁ ወጣቶች ነው። ወንጂም ሁኑ፣ መተሐራም፣ ፊንጫም፣ አንድ ቀን «ክሪስታሉ አላድግ አለ» ማለታችሁ አይቀርም። ያኔ ሁሉም ሰው ወደ እንፋሎቱና ወደ ቫኩሙ ይሮጣል። እናንተ ግን መጀመሪያ ፓኑ ውስጥ ያለውን የክሪስታል ብዛት እዩ።

ክሪስታል የሚያድገው በዙሪያው ካለው ሽሮፕ ስኳር እየወሰደ ነው። አንድ መሶብ ላይ ሰው ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሚያንስ ሁሉ፣ ክሪስታሉ ሲበዛም ሽሮፑ የተሸከመው ትርፍ ስኳር ቶሎ ያልቅና ሁሉም ይቀጭጫል። ሒሳቡን ሥሩት። ያው ኪሎ ስኳር ለ8 እጥፍ ክሪስታል ከተከፋፈለ የእያንዳንዱ ርዝመት በግማሽ ያንሳል። ይህን እንዳትንቁት፤ ሴንትሪፉጅ ላይ፣ ማለትም እያሽከረከረ ክሪስታሉን ከሽሮፑ በሚለየው ማሽን ላይ፣ ሽሮፑ በደቃቁ መሀል አልፎ ለመውጣት ይቸገራል፣ ብዙ የማጠቢያ ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃው ደግሞ ስንት የለፋችሁበትን ስኳር መልሶ ያሟሟዋል።

ማነሱም ጥሩ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሄኛውን ይረሳዋል። ሲዱ፣ ማለትም ክሪስታሉ የሚነሣበት ደቃቅ ስኳር፣ ገብቶ ክሪስታሉ ገና ትንሽ ሳለ ስኳሩ የሚያርፍበት በቂ ገጽ የለም። በዚያ ሰዓት ቸኩላችሁ ካተነናችሁት ሱፐርሳቹሬሽኑ፣ ማለትም ሽሮፑ የያዘው ስኳር መሸከም ከሚገባው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ1.2 ያልፍና ያልጠራችሁት ደቃቅ፣ ፎልስ ግሬን የሚባለው፣ ይፈለፈላል። መጨናነቁ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወደ መጨረሻው ደግሞ፣ ከማስኪዩቱ፣ ማለትም ከክሪስታሉና ከሽሮፑ ድብልቅ፣ ግማሽ ያህሉ ክሪስታል ሲሆን፣ መገላበጡ ይከብደዋል፣ ቆሻሻው በቀረው ሽሮፕ ውስጥ ይከማቻል፣ እድገቱም ይጎተታል። ያኔ እንፋሎት መልቀቅ ብቻውን አያድንም።

ስክሪኑ ላይ ያለው ብሪክስ፣ ማለትም የሟሟው ነገር በመቶኛ፣ ይህን ሁሉ አይነግራችሁም። ናሙና አውጡ፣ መስታወት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ወደ መብራት አንሡት። ጫፉ የጠራ፣ ለየብቻው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀጥሉ። ሁለት ሦስት ሆኖ የተጣበቀ ካያችሁ፣ ወይም በትልልቆቹ መሀል ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ፣ መመገቡን ያዝ አድርጉት። ዱቄቱን ውሃ ወይም ቀጭን ሽሮፕ ሰጥታችሁ አሟሙት፤ ትልቁም ትንሽ መነካቱ አይቀርም፣ ግድ የለም። ጠቅላላው ብዛት ከሆነ ያስቸገራችሁ ግማሹን ቆርጣችሁ ወደ ሌላ ፓን አስተላልፉና የቀረውን አዲስ ሽሮፕ እየመገባችሁ አሳድጉት። የፈረቃ አለቃው «ፓን ያዛችሁብን» ብሎ ይቆጣ ይሆናል። መስታወቱን አሳዩት።